ከእርጥብ አየር የሚቀዳ ኤሌክትሪክ

ክረምት ሲገባ የማድቤት ጨው ውሃ ማዘሉን ያላየ የለም። እርጥበት የሚስብ ማንኛውም ቁስ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ላለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በርካታ ቤተ ሙከራዎች ከዚህ ጠባይ ኤሌክትሪክ ለማውጣት ሲደክሙ ቆይተዋል።

እርጥበት ሳቢ የሆነ ስስ ሽፋን አንድ ገጹ ለአየር ክፍት ይተዋል፣ ሌላው ይከደናል። ክፍቱ ገጽ ውሃ ሲጠጣ በቁሱ ውስጥ ታስረው የነበሩ አዮኖች ይላቀቁና ከበዙበት ወዳነሱበት ይፈልሳሉ፤ በሁለቱ ገጾች መካከልም ቮልቴጅ ይፈጠራል። ችግሩ ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ሲረጥብ ፍልሰቱ መቆሙ ነው። በ2015 የቻይናው ሊያንግቲ ቹ ቡድን በግራፊን ኦክሳይድ ያገኘው ኤሌክትሪክም እርጥበቱ ሲለዋወጥ ብቻ ብልጭ የሚል ነበር።

በ2020 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኦባክተር ከተባለው ባክቴሪያ በተወሰዱ የፕሮቲን ናኖሽቦዎች 7 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን ሠሩ። 0.5 ቮልት ያህል ያለማቋረጥ ሰጠ። በ2023 ደግሞ ባክቴሪያው የግድ እንዳልሆነ፣ ከ100 ናኖሜትር ያነሱ ቀዳዳዎች ያሉት ቁስ እንደሚበቃ አሳዩ። የሲንጋፖር ተመራማሪዎች በ2022 ወደ ጨው ተመለሱ፦ በካርቦን ቀለም የተቀባ 0.3 ሚሊሜትር ጨርቅ ወስደው፣ አንዱን ጫፍ የባሕር ጨው ባለበት ጄል ሁልጊዜ እርጥብ አደረጉት። 0.7 ቮልት ያህል ከ150 ሰዓት በላይ ዘለቀ።

በ2021 የቻይና ተመራማሪዎች ብዙ ጥቃቅን ሽፋኖችን ቀጣጥለው 1,000 ቮልት ማግኘታቸው ብዙ አስጨብጭቧል። እኔ ግን ቮልት ብቻውን አያስደንቀኝም፤ ዋናው ኃይሉ ነው። የማሳቹሴትሱ ሽፋን በካሬ ሴንቲሜትር 17 ማይክሮአምፔር ገደማ ይሰጣል። በ0.5 ቮልት ቢባዛ፣ ያውም በቸርነት፣ 8.5 ማይክሮዋት ነው። ለ5 ዋት የስልክ ቻርጀር ወደ 60 ካሬ ሜትር ሽፋን ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሌላም ጥርጣሬ አለ። ዝገት የሚበላው ብረት እርጥብ ጨው ከነካ በራሱ ባትሪ ይሆናል፤ ስለዚህ የጥናቱን ውጤት ከማመኔ በፊት ኤሌክትሮዱ ከምን እንደተሠራ አያለሁ። የማሳቹሴትሶቹ ወርቅ ተጠቅመዋል።

ሽፋኖቹ ብርሃን ስለማይሹ፣ እንደ ፀሐይ ፓነል መሬት ላይ መዘርጋት ሳያስፈልግ መደራረብ ይቻላል፤ ተስፋ የተጣለውም እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ድርብ ግን አየር የሚገባበት ክፍተት መተው ግድ ነው። ለጊዜው የሚቀርባቸው ሥራ ሰውነት ላይ የሚለጠፉና በማይክሮዋት የሚያድሩ ትናንሽ መሣሪያዎችን መመገብ ነው።