መቶ ግራም

ባለፈው ጊፋታ ቦምቤ ባለው ቤታችን ያልተለመደ ነገር ሆነ። የአሥራ አምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከሶዶ ለበዓል መጥቶ ምግብ አልበላም አለ።

ወላይታ ላላደጋችሁ አንባቢያን ልንገራችሁ። ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ነው፤ በመስከረም ይውላል። ሰው ለዚህ በዓል ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ዳጣው ይፈጫል። በዚህ ቀን አልበላም የሚል ልጅ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

የእኔው ልጅ ግን አልታመመም፤ ከማንም አልተጣላም። ጠዋት ሦስት ሹራብ ደራርቦ፣ ከውስጥ ፌስታል ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞ ሲሮጥ አየሁት። ከሩጫው ተመልሶ ውሃ ሳቀርብለት ተጉመጥሙጦ ተፋው። ቀኑን ሙሉ የባዶ ቲማቲም ቆርቆሮ ይዞ ምራቁን ይተፋ ነበር። በመጨረሻ እጁን ያዝኩና አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እማማ፣ ኪሎ እየቀነስኩ ነው። የዛሬ ሳምንት ውድድር አለን። ከ51 ኪሎ በታች መግባት አለብኝ።»

«አሁን ስንት ነህ?»

«54።»

ልጁ ቴኳንዶ ይሠራል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሰለሞን ቱፋ ጀግናው ነው። ከዚያም አልፎ ነጻ ትግል በስልኩ ይከታተላል፤ የዓለም ታጋዮችን ደረጃ በኪሎ በኪሎ በቃሉ ይዞታል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ትግል አላውቅም ነበር፤ ስለ ኪሎ ግን ጥቂት አውቃለሁ። ስለዚህ ስልኩን ተቀብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ «እስቲ አስረዳኝ» አልኩት።

ደረጃው እንዴት ነው?

ትግል ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ከብት ሲጠብቅ ያልታገለ ልጅ የለም፤ በባህል ስፖርቶች ውድድርም ትግል ቦታ አለው። በዓለም ደረጃ የሚካሄደውን የሚመራው ዩናይትድ ወርልድ ሬስሊንግ የሚባለው ፌዴሬሽን ነው። ነጻ ትግል የሚባለው እግርንም መያዝ ስለሚፈቅድ ነው፤ ግሪኮ ሮማን በሚባለው ግን ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ነው።

የነጻ ትግል ደረጃ አንድ ሰንጠረዥ አይደለም። እያንዳንዱ የክብደት ምድብ የራሱ ዝርዝር አለው። በኦሊምፒክ ወንዶቹ በ57፣ በ65፣ በ74፣ በ86፣ በ97 እና በ125 ኪሎ ይወዳደራሉ፤ ሴቶቹ በ50፣ በ53፣ በ57፣ በ62፣ በ68 እና በ76። በዓለም ሻምፒዮና ምድቦቹ ለእያንዳንዱ ፆታ አሥር ይሆናሉ። ታጋዩ በየውድድሩ ባገኘው ውጤት ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ደረጃውን ይወስናል። ደረጃው ከፍ ያለ ታጋይ በትልቅ ውድድር ላይ ከሌሎቹ ብርቱዎች ጋር ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ እንዳይገናኝ ተለይቶ ይመደባል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ምድቡ የተፈጠረው ትልቁ ትንሹን እንዳይሰብረው ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ከራሱ ኪሎ ወርዶ ከሚያንሱት ጋር ልግጠም ሲል ነው። ሁሉም ከወረደ ደግሞ ማንም ብልጫ አያገኝም፤ ሁሉም ተርቦ፣ ሁሉም ደርቆ ይገናኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

የፓሪሷ ሌሊት

«ይህች ምን ሆነች?» አልኩት፤ አንዲት ሴት ምንጣፉ ላይ ቆማ የምታለቅስበትን ፎቶ አይቼ። ታሪኳን እሱ ነገረኝ፤ እኔም በኋላ አነበብኩት።

ቪኔሽ ፎጋት ሕንዳዊት ታጋይ ናት። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ53 ኪሎ ሲሆን ከምድቡ ታጋዮች አንደኛ ሆና ነበር የተመደበችው፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች። ለፓሪስ ግን ወደ 50 ኪሎ ወረደች። ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ተመዝና አለፈች። በዚያው ቀን ሦስት ግጥሚያ አሸነፈች፤ የመጀመሪያዋ ተሸናፊ የቶኪዮዋ ሻምፒዮን ጃፓናዊቷ ዩዪ ሱሳኪ ነበረች።

ከ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ የነጻ ትግል ደንብ በውድድሩ በሁለቱም ቀናት ጠዋት መመዘንን ያዛል። ቪኔሽ ከግጥሚያዎቹ በኋላ ጥቂት በልታ ጥቂት ስትጠጣ፣ ውሃ የተጠማው ሰውነቷ ያገኘውን ሁሉ ያዘ፤ ክብደቷ ከሁለት ኪሎ በላይ ጨመረ። ሌሊቱን ሳትተኛ ስትሮጥና ላብ ስታወጣ አደረች። ፀጉሯ ሳይቀር ተቆረጠ። ነሐሴ 1 ቀን ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጣ ከ50 ኪሎ መቶ ግራም በልጣ ተገኘች።

ከፍጻሜው ወጣች። የብር ሜዳሊያ እንኳ አልተሰጣትም፤ ደንቡ በሚዛን የወደቀን ከሁሉም በታች ያደርገዋልና ስሟ ከዝርዝሩ ግርጌ ገባ። ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ያቀረበችው አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም።

የልጅ ልጄ ታሪኩን የነገረኝ «ትንሽ ብትጠነክር ኖሮ» በሚል ቁጭት ነው። እኔ ግን ልቤ የቀረው መቶ ግራሟ ላይ ነበር።

እኔ የማውቀው መቶ ግራም

በጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ሕፃናት የሚመዘኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን አይረሳውም። ሕፃኑን ሱሪ መሳይ ጨርቅ ውስጥ አግብተን እንሰቅለዋለን፤ እሱ እየጮኸ ይወዛወዛል፤ እናቱ ትንፋሿን ይዛ መርፌውን ታያለች። በዚያ ሚዛን ላይ ያለችው ትንሿ መስመር መቶ ግራም ናት።

ወላይታ አረንጓዴ ረሃብ የሚባለውን ያውቃል። ማሳው ለምልሞ፣ እንሰቱ ቆሞ፣ ሰው ግን ይራባል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀር ያየነውን አልረሳውም። የክንድ መለኪያው ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ያረፈበት ሕፃን ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉትን ተቀብለን ፕላምፒ ነት እየሰጠን በየሳምንቱ እንመዝን ነበር። መርፌው አንዲት መስመር ከፍ ስትል እናቶች እልል ይሉ ነበር። መቶ ግራም! ለመቶ ግራም እልልታ ሲቀልጥ ሰምቼ ነው ጡረታ የወጣሁት።

አሁን ደግሞ የራሴ የልጅ ልጅ፣ ሌማቱ ሞልቶ ሳለ፣ ሦስት ኪሎ ከላዩ ላይ ገፍፎ ሊጥል ይሮጣል።

ላብ ስብ አይደለም

በጥቂት ቀናት የሚወርደው ክብደት በአብዛኛው ውሃ ነው። ከሰውነታችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ደማችንን የሚያቀጥነው፣ ላብ ሆኖ ሙቀታችንን የሚያበርደው፣ ኩላሊታችንን የሚያጥበው እሱ ነው። ውሃው ሲጎድል ደም ይወፍራል፤ ልብ ያንኑ ደም ለማዞር በእጥፍ ትደክማለች። ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጁ ብቻ በላብ ሲሄድ ጉልበትም ትኩረትም መድከም ይጀምራል።

ከ54 ኪሎ ላይ ሦስት ኪሎ ከመቶ አምስት ተኩል ነው። ይህን ያህል ውሃ በተቅማጥ ያጣ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ «የተወሰነ የውሃ እጥረት» ብለን መዝግበን፣ ለአራት ሰዓት አስቀምጠን ኦ አር ኤስ እናጠጣዋለን እንጂ ወደ ቤቱ አንመልሰውም። ልጃችን ግን በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ሊፋለም ነው የሚገባው።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ባሉት 33 ቀናት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ሞተዋል። ሦስቱም በተለያየ ግዛት፣ ግን በአንድ ዓይነት መንገድ፤ ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ እየሠሩ፣ ለሚዛን ሲሉ ውሃ እያወጡ። ሦስቱም ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ያን ልብስና የሞቀውን ክፍል ከለከለ፤ ሚዛኑን ወደ ግጥሚያው ሰዓት አስጠጋ፤ የታጋዩ ዝቅተኛ ኪሎ የሚወሰነውም በሽንት ምርመራ ሰውነቱ በቂ ውሃ መያዙ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲሆን ደነገገ።

የልጅ ልጄን ቆዳ ቆንጠር አድርጌ ለቀቅሁት፤ ዘግየት ብሎ ተመለሰ። ሽንቱ ምን እንደሚመስል ጠየቅሁት፤ «እንደ ሻይ» አለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ልጁ ምንም አልሆንኩም እያለ ይስቅ ነበር። በዚያ ምሽት ኦ አር ኤስ በጥብጬ ቀስ በቀስ አጠጣሁት። በማግሥቱ ወደ አሠልጣኙ ደወልኩ። «እማማ፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ» አሉኝ። ሁሉም ማድረጉ ነው እኮ የሚያስፈራው።

ለወላጆችና ለአያቶች

ልጆቻችሁን ከስፖርት አታስቀሩ። ስፖርት ከብዙ ክፉ ነገር ይጠብቃቸዋል። ነገር ግን ልጃችሁ በኪሎ የሚወዳደርበት ስፖርት ውስጥ ካለ፣ እነዚህን ልብ በሉ።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ለሚዛን ሲል ኪሎ መቀነስ የለበትም። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ይሞላል፤ መጨመር ነው ወጉ። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ መዛባቱን ወይም መቅረቱን እናቷ ትጠይቃት፤ ሰውነት ምግብ እንዳነሰው የሚናገርበት አንዱ መንገድ ነውና።

በሙቀት ደራርቦ መሮጥ፣ ፌስታል መጠምጠም፣ ምራቅ መትፋት፣ ሽንት የሚያሸና ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ፣ ይህን ካያችሁ ዝም አትበሉ። መቆጣት ግን ልጁ እንዲደበቅ ብቻ ያደርገዋል፤ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት።

ሽንቱን እንዲያይ አስተምሩት። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ውሃ ይጠጣ። ራሱን ካዞረው፣ ጡንቻው ከተሸማቀቀ፣ ሽንቱ ከቆመ ልምምዱ ይቁም፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ኦ አር ኤስ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ልብሱን አውልቃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከአሠልጣኙም ጋር ተነጋገሩ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ጠግቦ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ስንት ኪሎ ነው? ምድቡ ያ ነው። ዝርዝሩ ለሰውነቱ ይመረጥለት እንጂ ሰውነቱ ለዝርዝሩ አይቆረጥ።

ለልጁም የማሳመኛ ምሳሌ ከራሱ ስልክ አገኘሁለት። ሩሲያዊው አብዱልራሺድ ሳዱላዬቭ በሪዮ ኦሊምፒክ በነጻ ትግል በ86 ኪሎ ወርቅ ወሰደ። ሰውነቱ ሲያድግ ታግሎ አላወረደውም፤ ወደ ላይ ተከተለው። በቶኪዮ በ97 ኪሎ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደ። «አየህ፣ ኪሎውን ጨምሮም አንደኛ ነው» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ግን ሥጋውን ሳብ አድርጎ ጎረሰ።

እንደ ተረት «ከዚያም አሸነፈ» ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አላሸነፈም። ከ55 ኪሎ በታች ተወዳድሮ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈ። «ባንቺ ምክንያት ነው» ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። እኔም ቻልኩት፤ የሚያኮርፍ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።

«እማማ፣ 55 ኪሎ ከመቶ ግራም ገባሁ። አሁን ደግሞ ከ59 በታች ልሆን ነው» አለኝ በተበሳጨ ድምፅ።

እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ፣ እንደ ጤና ጣቢያዎቹ እናቶች፣ እልል አልኩ።