ምክንያትና ውጤት በፊልም ታሪክ ውስጥ

ልብ ወለድ ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ሊተርክ ይችላል፤ ይህ መብቱ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ «ይህ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ከተናገረ፣ ምክንያቱ ውጤቱን ሊሸከም ይገባል። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣውን «ዋተርወርልድ» የተባለ ፊልም እንመልከት። የርእሱ ትርጕም «የውኃ ዓለም» ማለት ነው።

እንደ ፊልሙ አተራረክ በምድር ዋልታዎች ያለው በረዶ ቀልጦ ዓለምን ባሕር ውጧታል። የተረፉት ሰዎች በጀልባና በውኃ ላይ በተሠሩ መንደሮች ይኖራሉ፤ አፈር በእነርሱ ዘንድ እንደ ወርቅ በሚዛን ይሸጣል። ኬቪን ኮስትነር ሆኖ የሚጫወተው መርከበኛ ከአንዲት ሴትና ከአንዲት ልጅ ጋር «ደረቅ ምድር» የሚባለውን ስፍራ ይፈልጋል። ረዘም ባለው የፊልሙ ቅጂ እንደሚታየው፣ ያ ስፍራ የኤቨረስት ተራራ ጫፍ ነው።

እስኪ ስሌቱን እንመርምር። በብርጭቆ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ቢቀልጥ ውኃው ሞልቶ አይፈስም፤ በረዶው አስቀድሞ ቦታውን ይዞ ነበርና። ስለዚህ በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ መቅለጡ የባሕሩን ከፍታ ከሞላ ጎደል አይለውጠውም። ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው በየብስ ላይ የተከመረው፣ ይኸውም በተለይ የአንታርክቲካና የግሪንላንድ በረዶ ነው። እርሱ ሁሉ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ የሚለው በ65 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በባሕር ዳርቻ ያሉ ታላላቅ ከተሞች ይሰጥማሉ። የኤቨረስት ከፍታ ግን 8,849 ሜትር ነው! ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው የእኛው ራስ ደጀን እንኳ በፊልሙ ስሌት ከሰጠሙት አንዱ ነው ማለት ነው። ባሕሩ 8,000 ሜትር ከፍ እንዲል ዛሬ በውቅያኖሶች ካለው ውኃ ሦስት እጥፍ ያህል ተጨማሪ ውኃ ያስፈልጋል።

ይህ የእውቀት ስሕተት ነው። ታሪኩ ራሱን በራሱ ሲያፈርስ ደግሞ የሴራ ክፍተት ይባላል። መርከበኛው ሴትዮዋን በመጥለቂያ መሣሪያ አስገብቶ ወደ ሰጠመች ከተማ ያወርዳታል። ትርኢቱ ግሩም ነው፤ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ይመስለኛል። ነገር ግን ከውኃ በላይ የቀረው ኤቨረስት ከሆነ፣ ያቺ ከተማ በብዙ ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ናት። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 3,000 ሜትር ብቻ ብንል እንኳ ጭነቱ 300 እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚችለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጠላቂ መርከብ ነው። ሴትዮዋ ግን በሰላም ወርዳ በሰላም ትወጣለች። መርከበኛው እንደ ዓሣ በስንጥብ መተንፈሱን እንኳ ይቅር እንላለን፤ ይህን ፊልሙ ከመጀመሪያው እንድንቀበለው ለምኖናልና።

ስሕተት የሚመስል ሁሉ ስሕተት አለመሆኑንም አስተውሉ። የዘራፊዎቹ መኖሪያ «ኤክሶን ቫልዴዝ» የተባለ የነዳጅ መርከብ ነው። ይህ መርከብ በእውነት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በአላስካ ከባሕር ውስጥ ዐለት ጋር ተጋጭቶ ብዙ ድፍድፍ ነዳጅ አፍስሷል። በማግስቱ ዓመት ስሙ ስለ ተለወጠ፣ ፊልሙ ሲሠራ መርከቡ በዚያ ስም አይጠራም ነበር። ባሕርን የበከለው መርከብ በአሮጌ ስሙ የዘራፊዎች ቤት መሆኑ ግን ሆን ተብሎ የገባ ምፀት ነው።