ከጉበት ሥር ያለችው ጥቁር መስመር

በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል አንዲት ጠባብ ስፍራ አለች። በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚተኙ መኖሯ እንኳ አይታወቅም። ሰው በመኪና ተገጭቶ ጣፊያው ወይም ጉበቱ ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተጎጂው በጀርባው ሲተኛ፣ የዝናብ ውኃ ጎድጓዳ ቦታ ፈልጎ እንደሚጠራቀም ሁሉ፣ የሚፈሰው ደም ወደዚያች ስፍራ ይወርዳል። በአልትራሳውንድ ስክሪን ላይም ጥቁር ሆኖ ይታያል። የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም የሚጠይቀው ጥያቄ ይህን ያህል አጭር ነው፦ ጥቁር አለ ወይስ የለም?

ካለ፣ የደም ግፊቱም እየወረደ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። በአልጋ እየተገፋ ወደ ምርመራ ክፍል መሄድ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ውጤት እስኪጻፍ መቆየት የለም። መሣሪያው ራሱ ወደ አልጋው ይመጣል፤ የሚያየውም የሚወስነውም ያው አንድ ሐኪም ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። የራዲዮሎጂ ባለሙያ ዓመታት የሚማረውን ሙያ ሌላው ሐኪም እንዴት አድርጎ፣ እስከ ምን ድረስ ይማረው?

መሣሪያው የሚሠራው በገደል ማሚቶ መንገድ ነው። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ እስኪመለስለት የፈጀውን ጊዜ ቢለካ የገደሉን ርቀት ያውቃል። የእኛ ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው፤ ሐኪሙ በእጁ የሚይዘው ፕሮብ ግን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል። ይህ ድምፅ በሥጋችን ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ለመመለስ የሚፈጅበት ከሰከንድ አሥር ሺሕኛ ብዙም አይበልጥም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1880 ተጥሏል፤ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያስተዋሉት ያኔ ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ይርገበገባሉ፤ ፕሮቡ ድምፅ የሚልከውም ማሚቶውን የሚቀበለውም በዚህ መንገድ ነው። ፈሳሽ ድምፁን ስለሚያሳልፍ ጥቁር ይሆናል፤ አጥንት ስለሚመልሰው ነጭ ሆኖ ከኋላው ያለውን ይጋርዳል። አየር ከሁሉም ይከፋል፤ ያ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባውም በፕሮቡና በቆዳው መካከል የምትቀረውን ስስ አየር ለማስወጣት ነው።

በዚሁ በአየር ምክንያት ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም ሲባል ብዙ ዘመን ቆይቷል። ከዚህ ሙያ ታሪክ ሁሉ እኔን እጅግ የሚማርከኝ የዚህ አባባል መፍረስ ነው። ፈረንሳዊው የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዳንኤል ሊሽተንስታይን ሌሎች «የምስል ስሕተት ነው» ብለው ያለፉትን ቁጭ ብሎ አጠና። በጤነኛ ሰው ደረት ላይ የሳንባው ሽፋን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወዲህና ወዲያ ሲንሸራተት እንደሚያብረቀርቅ መስመር ይታያል። ሳንባው ተቀዶ አየር በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ከገባ መንሸራተቱ ይቆማል። ልብ ደክሞ ሳንባ ውኃ ከቋጠረ ደግሞ ከዚያ መስመር ተነሥተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ነጫጭ ጨረሮች ይመጣሉ፤ በተበሳ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ይመስላሉ። ሊሽተንስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህን ምልክቶች በቅደም ተከተል አቀናብሮ፣ የሰው ትንፋሽ ያጠረበትን ምክንያት በደቂቃዎች ውስጥ ለመለየት የሚያስችል አካሄድ አሳተመ። ለምን እንደሚጠቅም ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሰው ይመስክር። ትንፋሽ አጥሮት የመጣው ሽማግሌ ልባቸው ደክሞ ከሆነ ውኃው መውጣት አለበት፤ ሕመሙ በኢንፌክሽን የተነሣ ከሆነ ግን ፈሳሽ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱን ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል።

ታዲያ ይህን መማር የሚቻለው ጥያቄው ሲጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ሐኪሞች በ72 ሰዓት ውስጥ 400 ተጎጂዎችን በአልትራሳውንድ ፈትሸዋል። ለዝርዝር ምርመራ ጊዜ አልነበረም፤ የሚፈልጉት በሆድና በኩላሊት ላይ የደረሰ ጉዳትን ነበር።

የሩዋንዳው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በሁለት የገጠር ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞች ዘጠኝ ሳምንት የፈጀ ሥልጠና ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ምርመራ ሲመዘገብ ከምርመራ ዓይነቶቹ ሁሉ የበዛው የነፍሰ ጡር ሆኖ ተገኘ። ከመቶው በ43ቱ ምርመራው አስቀድሞ የታሰበውን ሕክምና አስቀይሯል። በኋላ ምስሎቹን ያዩ ባለሙያዎችም በአብዛኛው በንባባቸው ተስማምተዋል። ዘጠኝ ሳምንት የሚለውን ልብ ይሏል፤ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናትና የምስክር ወረቀት አልነበረም።

ጊዜ የሚፈጀው ለምን ይሆን? ፕሮቡ ገላን በሙሉ አያሳይም፤ እንደ ቢላ አንዲት ስስ ቁራጭ ብቻ ያወጣል። ድፎ ዳቦን በቁሙ የቆረጠና በአግድሙ የቆረጠ የሚያዩት መልክ አንድ አይደለም። ሐኪሙ ከእነዚያ ቁራጮች ሙሉውን ዳቦ በአእምሮው መገንባት አለበት፤ ያውም ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ እጁን በሚሊ ሜትር እያዘነበለ። ጀማሪ ምስሉ ሲጠፋበት ይደነግጥና ፕሮቡን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። ከኋላው የቆመው መምህር «ዶክተር፣ እጅህን አትጎትት፤ እዚያው ሆነህ ትንሽ ወደ ጀርባው አዘንብለው። አሁን ቆይ፣ ይተንፍስ» ይለዋል። መጽሐፍ ይህን አይሰጥም። የአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ከ25 እስከ 50 ያህል ልምምድ የሚመክረውም በከንቱ አይደለም።

ከእጅና ከዓይን በኋላ የሚመጣው ከባዱ ትምህርት ፍርድ ነው። «አላየሁም» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአንጀት አየር ይጋርዳል፤ የሰው ውፍረት ያደበዝዛል፤ ደሙም ገና መፍሰስ መጀመሩ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሁሉም ደም አይደለም፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ይሆናል። በደንብ ያልሠለጠነ ሐኪም መሣሪያ ሲይዝ፣ መሣሪያ ከሌለው የበለጠ ሊያሳስት ይችላል ብዬ እፈራለሁ፤ ስክሪኑ ድፍረት ይሰጣልና።

በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር፣ ከቶሮንቶና ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ሐኪሞች እየተመላለሱ አስተምረዋል። አልትራሳውንድ ለእኛ ከአደጋ የሰፋ ጥቅም አለው። በደቡብ አፍሪካ የሠሩ ሐኪሞች ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሳንባ ውጭ የተሰራጨ ቲቢን በአልጋ ላይ መፈለግን አስተምረዋል፤ ምልክቶቹም በልብ ከረጢት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ በሆድ ውስጥ ያበጡ ንፍፊቶች፣ በጣፊያ ላይ የሚታዩ ትናንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው። አክታ መስጠት ላቃተው ሰው ይህ ብዙ ነው።

ዛሬ በሲሊከን ቺፕ የሚሠራና በስልክ የሚነበብ ፕሮብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ዕቃው ብቻውን ጭንቀት መሆኑ እየቀረ ነው። እኔ የምጨነቀው ሥልጠናው አልቆ መምህሩ ሻንጣውን ይዞ ከሄደ በኋላ ስላለው ወር ነው። ምስሎቹን ማን ያያቸዋል? የሠለጠነው ሐኪም ሲዛወር ማን ይተካዋል? ጄሉ ሲያልቅ፣ የፕሮቡ ገመድ ሲሰነጠቅ ማን ይጠየቃል? ምስል ተቀርጾ በኢንተርኔት ሊላክ ስለሚችል፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ያለ አገሩን የሚወድ ሐኪም በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥቶ የጎንደር ወይም የጅማ ባልደረባውን ሥራ ሊያርም ይችላል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ታማኝነት ግን ይጠይቃል።

በደንብ የሠለጠነ ሐኪም ምልክቱ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ አይታይም። ተጎጂው ሲደርስ ያቺ ስፍራ ንጹሕ ነበረች፤ ሐኪሙም «ምንም አላየሁም» ብሎ በካርዱ ላይ ሰዓቱን ጻፈ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማንም ሳያስታውሰው ተመልሶ ጄሉን ቀባ፤ ፕሮቡን በዚያው ቦታ አኖረ፤ ሕመምተኛው አንድ ጊዜ በረጅሙ እስኪተነፍስ ጠበቀ። በጉበቱና በኩላሊቱ መካከል የእርሳስ ጭረት የምታህል ጥቁር መስመር ነበረች።