ከታወሩ ሥር ያለው ቤት

በደጋ አገር የሚሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ አቤቱታ አለ። «ይኼ ታወር ከተተከለ ወዲህ ጤና የለኝም» ይላሉ ሰዎች። አንዳንዴ በማመልከቻ ተጽፎ፣ የጎረቤት ፊርማ ተደርድሮበት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ለምንጭ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ጉዳይ በገባንበት ግቢ፣ ቡና እስኪፈላ በሚወራው ወሬ መሐል ይነሣል። ምልክቱ ከቤት ቤት ይመሳሰላል፤ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የልብ ምት መጨመር፣ ከክረምት እስከ ጥር የማይለቅ ሳል፣ የልጆች አፍንጫ መታፈን።

የምሠራው ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር በሚወስደው ደጋ ነው። ታወሩ ተራራ ተራራውን መርጦ መተከሉ ሰዉን ያስጨንቀዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ከታወሩ ጎን የሚታዩት ከበሮ መሳይ ክብ አንቴናዎች ማይክሮዌቭ የሚባለውን ሞገድ ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው በቀጥታ ይልካሉ፤ በመሐል ተራራ ከገባ ይቋረጣል። ስለዚህ አንቴናና አንቴና መተያየት አለባቸው፣ ለመተያየትም ከፍታ ይፈልጋሉ። ሞገዱ ጠባብ ሆኖ ከቤቶቹ በላይ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሄዳል። ለስልካችን የሚያገለግሉት ረዣዥሞቹ አንቴናዎች ደግሞ ኃይላቸውን ጥቂት ብቻ ዘንበል አድርገው ወደ አድማስ ይልካሉ። በዚህ የተነሣ ከታወሩ ግርጌ ባለ ቤት ላይ የሚያርፈው ሞገድ ነዋሪው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው።

ልኬትም አለው። አይክኒርፕ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባደሰው መመሪያ፣ ለ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለሕዝብ የተፈቀደው ጣሪያ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እንደገለጸው በስልክ ታወሮች አካባቢ የተለካው መጠን ከጣሪያው ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበር። ጆሮ ላይ የተለጠፈ ስልክ ለጭንቅላት የሚሰጠው ከታወሩ ከሚመጣው ይበልጣል፤ ያውም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልኩ ታወሩን ለማግኘት ኃይሉን ይጨምራል።

ይህን ሳስረዳ ሌላውን ወገን አልደብቅም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ለዚያ ያበቃው ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ በሚያወሩ ሰዎች ላይ የታየ ውስን ማስረጃ ነበር። ሰው የተደበቀበት ነገር እንዳለ ከጠረጠረ የቀረውንም አያምንም፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው።

በተለያዩ አገሮች ሞገድ ያሳምመናል የሚሉ ሰዎች በፈቃዳቸው ቤተ ሙከራ ገብተው፣ አንቴናው መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋ ሳይነገራቸው ተፈትነዋል። በ2010 የታተመ አንድ ዳሰሳ እንዲህ ያሉ 46 ሙከራዎችንና 1,175 ሰዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ሰዎቹ የተከፈተውን ከተዘጋው መለየት እንደሚችሉ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ግን አንቴናው ተዘግቶም ይመጣባቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ምልክቶቹ እውነተኛ መሆናቸውን፣ ከሞገዱ ጋር የሚያያይዛቸው ሳይንሳዊ መሠረት ግን አለመኖሩን ጽፏል። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ሁለተኛውን ነገር ይዘው የመጀመሪያውን ይጥላሉ። «ታወሩ ችግር የለበትም» ተብሎ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ፋይሉ ይዘጋል፤ አቤት ያለችው ሴት ከነራስ ምታቷ እዚያው ትቀራለች።

እኔ በዚህ ሥራ የያዝኩት እምነት ይህ ነው፤ ታማሚው ምክንያቱን ቢስትም ጊዜውን ብዙ ጊዜ አይስትም። «ታወሩ ከተተከለ ወዲህ» ሲለኝ ዓመቱን እጠይቃለሁ። ከዚያ በዚያ ዓመት በግቢውና በቤቱ ሌላ ምን እንደተለወጠ አብረን እናስታውሳለን። ታወር ብቻውን አይመጣም። መንገድ ይመጣል፣ መንገዱን ተከትሎ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይመጣል፣ ኪራይ ቤት ይሠራል፣ ከሰል በጆንያ መሸጥ ይጀምራል። የሣር ክዳኑ ጎጆ ጭሱን ለሣንባ ቢያጠጣም አየር ያስተላልፍ ነበር። ያን ትቶ ኮርኒስና ልስን ወዳለው፣ መስኮቱ ለብርድ ሲባል ወደሚዘጋው ቤት የገባው ቤተሰብ ታወሩ በተተከለበት ሰሞን ኑሮውን ለውጧል። ዓይኑ ያረፈው ግን ከሁሉ ረዝሞ በሚታየው ነገር ላይ ነው።

ከታወሩ ጋር የመጣው አንዱ ነገር እዚያው ከግርጌው ይገኛል። መብራት ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ተራራ ላይ አንቴናውን የሚያሠራው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ያጨሳል። የሬዲዮ ሞገድን በጥርጣሬ መዝገብ ያስገባው ያው የካንሰር ኤጀንሲ፣ በዓመቱ በ2012፣ የናፍጣ ሞተርን ጭስ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር በአንደኛው ምድብ መዝግቦታል። አንድ አባት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ጩኸቱንስ ለመድነው፤ የሚገድለን የማይታየው ነው» አሉኝ። «አባባ፣ ሌሊት ምን ያህል ይነቃሉ?» አልኳቸው። ለልማድ የተውት ጩኸት በየሌሊቱ እየቀሰቀሳቸው ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢደክመው፣ ልቡ ቢመታ አያስገርምም። እኔም ማመልከቻ አብሬ ስጽፍ «ታወሩ ይነሣልን» የሚለውን ብቻ ይዘን እንዳንቀር እለምናለሁ። የጭስ ማውጫው ከቤቶቹ ተቃራኒ ይዙር፣ የድምፅ ማፈኛ ይገጠምለት፣ የሚንጠባጠበው ናፍጣ ወደ ምንጩ እንዳይወርድ መያዣ ይሠራለት ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመለከተው ሰው አለ፣ መልስም ያገኛል።

ከዚያ ቤት ውስጥ እገባለሁ፤ ረጅሙን ጊዜ የምቆየውም እዚያ ነው። የደጋ ቤት ብዙ ጊዜ ዳገት ተቆርጦ ይሠራል። የኋላው ግድግዳ ከአፈሩ ጋር ይጣበቅና ከሰኔ እስከ መስከረም ከላይ የሚወርደው ውኃ በዚያ በኩል ይሰርጋል። ቆርቆሮው አሸንዳ ከሌለው ጠፈጠፉ ከግድግዳው ሥር እያረፈ ጭቃውን ከታች ወደ ላይ ያርሰዋል። ወጡ ሲሠራ፣ ውኃው ሲፈላ፣ ልብሱ ቤት ውስጥ ሲሰጣ የተጠራቀመው እንፋሎት ሌሊት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆናል፤ ጠዋት ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ ይላል። ሻጋታ ከዚህ የተለየ ነገር አይጠይቅም። ዘሩ በየትኛውም አየር ውስጥ አለ፤ የራሰ ነገር ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ይይዛል። የምፈልገው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ታጥፎ ከተቀመጠው ባና ሥር ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሸራ ገለጥ ሳደርገው ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣቡ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ይታያል። የሚያስለው ልጅ የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው፤ ለምድጃ ቅርብ የሆነው ቦታ ለታላላቆቹ ስለሚሰጥ።

ሻጋታ ምን እንደሚያደርግ በሚገባ ይታወቃል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2004 ርጥብ ቤቶችን በተመለከተ ባወጣው ሪፖርት፣ ርጥበትና ሻጋታ ከአፍንጫና ጉሮሮ ሕመም፣ ከሳል፣ ከሲርሲርታና ከአስም መባባስ ጋር ለመያያዛቸው በቂ ማስረጃ አግኝቷል። በ2007 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው በእነዚህ ሕመሞች የመያዝ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያው የ2004 ሪፖርት ለድካምና ለመሰል ምልክቶች በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ስለዚህ በታወሩ ፈንታ ሻጋታውን የሁሉ ሕመም ምክንያት አድርጌ አላቀርብም። ሳሉን ግን ለእሱ መስጠት እችላለሁ።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለታወሩ የተቀመጠ ጣሪያ አለ፣ መለኪያ መሣሪያ አለ፣ የሚለካ መሐንዲስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ውስጥ ርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ለሻጋታ ምንም ቁጥር አላስቀመጠም፤ ርጥበቱን አስወግዱ ነው ያለው። ትክክል ነው፤ የሻጋታው ዓይነት ብዙ፣ የሰዉም አቀባበል የተለያየ ነው። ቁጥር የሌለው ነገር ግን በቅጾቻችን ላይ ቦታ አያገኝም። ስለ ታወር አቤቱታ ሲቀርብ ስብሰባ ይጠራል፤ ስለ ራሰ ግድግዳ አቤት የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ተከራይ ሲሆኑማ የባሰ ነው። አከራዩ ከፋሲካ በፊት ቀለም ይቀባበታል፣ ሐምሌ ላይ ነጠብጣቡ በቀለሙ ውስጥ ብቅ ይላል። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ካልተቆፈረ፣ አሸንዳ ካልተገጠመ፣ አልጋው ከግድግዳው ክንድ ያህል ካልራቀ በረኪናም ቀለምም ከንቱ ድካም ነው። ቦዩ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ መቆፈር አለበት።

ሻጋታ ከቤት ውጭም ይገኛል። እዚህ አገር ከብት ያልያዘ ቤት ጥቂት ነው፤ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ ይሞቅና ይሻግታል። እሱን የሚፈታ ሰው ዱቄት የመሰለውን አቧራ ይስበዋል፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። በነጋታው ይሻለዋል፤ ክምሩን ሲፈታ ይመለስበታል። የአውሮፓ የተራራ ገበሬዎች ሐኪሞች ይህን ሕመም ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ በእኛ ዘንድ የሳንባ ምች ወይም ቲቢ መስሎ ማለፉ አያዳግትም። የሻጋታ ዘመድ የሆነ ፈንገስ ደጋችንን ከዚህም በከፋ ሁኔታ ጎድቶታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወሎ በ1977 እና 78፣ በአርሲ ደግሞ በ2001፣ እህል ውስጥ የገባ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ የሰዎችን እግር አድርቆ ገድሏል።

ለራስ ምታቱ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የከሰል ማንደጃው የት እንደሚያድር ነው። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲወርድ ማንደጃው ወደ መኝታ ይገባል፣ የበሩ ሽንቁር በጨርቅ ይደፈናል። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ሰዉ ደኅና ሆነ ይላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም የለውም። ከደማችን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ጋዙ የሚቀማን ከጎደለው ላይ ነው። መለያ ምልክት አለው። ጠዋት ራሱን ያመመው ሰው ግቢ ወጥቶ ጥቂት ሲቆይ ከቀለለው፣ ቤተሰቡም አብሮ ካመመው፣ ፍሙን መጠርጠር ነው። ታወሩ ግቢ ሲወጡም እዚያው አለ። ይህችን ነገር ለአንዲት እናት ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ገበያ ውዬ ስመጣ ለካ የሚሻለኝ ለዚህ ነው» አሉ። ማንደጃውን ውጭ ማሳደር በዚያው ቀን ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።

ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ጤናማ የመኖሪያ ቤት ነው። በአብዛኛው ስለ መስኮት መኖርና ከብትን ከሰው ስለ መለየት ይነገርበታል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር እንዲጨመር ነው፤ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ በእጅ ይዳሰስ፣ ማንደጃው የሚያድርበት ቦታ ይጠየቅ፣ ጄኔሬተር በሚሰማበት መንደር የሌሊት እንቅልፍ ይመዝገብ። ለዚህ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሻላቸው አሉ። ቦዩ ተቆፍሮ፣ ማንደጃው ወጥቶ፣ ሕመሙ ግን ባለበት ይቆያል። እነሱን አንቴናው ላይ ተመልሼ ለመከራከር አልጠቀምባቸውም። የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ከልጅ ሞት ወይም ከስደት ወሬ በኋላ የመጣ ድባቴ እነዚህኑ ምልክቶች ያሳያሉ፤ ያንን የሚለየው ሐኪም ነው። ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ በካርዱ ላይም ቤቱ ታይቶ የተገኘውንና የተስተካከለውን እጽፋለሁ፤ ሐኪሙ ከሰሉንና ሻጋታውን ከዜሮ እንዳይጠይቅ። ከነዚህ አንዷ ሴት አሁንም ታወሩ ነው ትለኛለች። እሺ ብያት ወደ ጤና ጣቢያው እንድትሄድ ተስማምተናል፤ ሄሞግሎቢኗ እስኪታይ እየጠበቅን ነው።