በረዶ በወተት፦ ታፒዮካ ፑዲንግ በነፋስ መውጫ ጓዳ

ከቁንዶ በርበሬ የማትበልጥ ነጭ ድቡልቡል ፍሬ ናት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ወይም በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች አይተዋት፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው አልፈዋት ይሆናል። ታፒዮካ ትባላለች። በወተት፣ በእንቁላልና በስኳር ስትበስል ብርሃን የምታሳልፍ ለስላሳ ጄሊ ትሆናለች፤ ከምግብ በኋላ በማንኪያ የሚበላ ጣፋጭ ይወጣታል።

እኔ ጓዳ የገባችው እናቴ ጥርሷን በተነቀለች ሰሞን ነው። እናቴ የምትኖረው ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ነው። ለሁለት ሳምንት አጥሚት ብቻ ስትጠጣ ከርማ በስልክ «ልጄ፣ አጥሚት ሲሸተኝ ራሱ ያንገሸግሸኛል» አለችኝ። እህቴ ከውጭ የላከችልኝን የታፒዮካ እሽግ ይዤ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጌ፣ የጉናን ጥግ ታክኬ ወጣሁ።

እሽጉ «15 ደቂቃ ይቀቅሉ» ይላል። ቀቀልኩ። የፍሬዋ ዳር ለሰለሰ፣ መሐሏ ግን እንደ ኖራ ነጭና ጠጣር እንደሆነ ቀረ። ጥርስ ላለው ሰው ምንም አይደል፤ ድዱ ላልዳነ ሰው ግን ጠጠር ነው። እናቴ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አገላብጣ መልሳ አወጣችውና «በረዶ ነው እንዴ በወተት የቀቀልሽልኝ?» አለች። ያን ማታ ወደ አጥሚቷ ተመለሰች።

ጥፋቱ የፍሬዋ አልነበረም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እሳቱን ቢያነዱትም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሽሮውም ባቄላውም እዚያ ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና የእሽግ ጽሑፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ፤ «15 ደቂቃ» በትልቁ ይጻፋል፣ ደጋ ላይ ስለሚኖር ሰው የሚያስብ ግን የለም። ወደ ስማዳና እስቴ ቆላማ ቀበሌዎች ከወረዱ ጊዜው ያጥርልዎታል።

በማግስቱ የተሳካልኝን ልንገርዎ። ለአራት ሰው የሚበቃ አንድ ሦስተኛ የውሃ ብርጭቆ ታፒዮካ ማታ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉ። ጠዋት ውሃውን ደፍተው በአንድ ብርጭቆ አዲስ ውሃ ይጣዱት። እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ከሰል ከሆነ ትንሽ አመድ ያልብሱት። ድስቱን የሚይዘው ስታርች ነውና እጅዎ ከማማሰያው አይለይ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፍሬዎቹ መሐላቸው መጥራት ሲጀምር ቀድሞ የተፈላ ሦስት ብርጭቆ ወተት፣ ሲሶ ብርጭቆ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ። ሌላ ሃያ ደቂቃ ገደማ ያብስሉ። ሰዓቱን ሳይሆን ፍሬዋን ይመኑ፤ አንዷን በሁለት ጣት ሲጨፈልቋት ነጭ ነጥብ ካልቀረባት ደርሷል።

እንቁላሉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት እንቁላል በሳህን ይምቱ፤ ከትኩሱ ወተት በጭልፋ ትንሽ ትንሽ እያፈሰሱ እያማሰሉ ያላምዱት፤ ከዚያ ወደ ድስቱ ይመልሱት። በአንድ ጊዜ ከደፉት የእንቁላል ፍርፍር ይሆንብዎታል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይፈላ ያማስሉና ያውጡ። ቫኒላ ከሌለ የተፈጨ ኮረሪማ በጣት ጫፍ ይበቃል። በማር የሚያጣፍጡ ከሆነ ስኳሩን ይተዉና ማሩን ካወጡት በኋላ ያድርጉ። ማቀዝቀዣ አያሳስብዎ፤ የነፋስ መውጫ ማታ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው።

እናቴ ሁለት ሳህን በላች።

እሽጉ ግን ሲያልቅስ? ታፒዮካ የሚወጣው ከካሳቫ ሥር ነው። ካሳቫ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በእኛም አገር በወላይታና በጋሞ አካባቢ ይበቅላል። ሥሩ ይፈገፈጋል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ታች የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ይወሰዳል። (ጥሬው ካሳቫ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው በአግባቡ ሳይዘጋጅ አይበላም።) ከእንሰት ቡላ የሚወጣበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን ሳስብ ዓይኔ ከእናቴ ጓዳ ጥግ ያለው የድንች ማዳበሪያ ላይ አረፈ።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ የጉና ዙሪያና የጋይንት ደጋ ያለ ድንች አይታሰብም፤ እኛ ግን ከቅቅልና ከወጥ አናሳልፈውም። አንድ ኪሎ ድንች ልጠው ይፈግፍጉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ አሽተው በንጹሕ ሻሽ ይጭመቁ። ውሃውን አንድ ሰዓት ሳይነካ ይተዉት። ላይ ላዩን ቡናማውን ውሃ ቀስ ብለው ሲደፉ ታች እንደ ኖራ የነጣ ነገር ያገኛሉ። አንዴ በአዲስ ውሃ በጥብጠው እንደገና ያስዘቅጡትና ጨርቅ በለበሰ ሰፌድ ላይ ያድርቁት። ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ይወጣዋል። ጭማቂውን አይጣሉት፣ ወጥ ይገባል።

ከዚህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት በጥብጠው፣ እየፈላ ባለ ሁለት ብርጭቆ ጣፋጭ ወተት ላይ በፍጥነት እያማሰሉ ያፍስሱት። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ዱቄት ስለሆነ ከፍታው አያስቸግረውም። ፍሬ ፍሬ የለውም፣ ልስልስነቱ ግን ያው ነው። እናቴ ቀምሳ «ታዲያ ይኼ እያለ ያን በረዶ ከባሕር ማዶ ምን አስመጣሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሕፃን ላለዎት አንድ ነገር ልጨምር። ታፒዮካም የድንች ስታርችም ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ ፕሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል። በዚህ ሳህን ውስጥ ልጅ የሚያሳድገው ወተቱና እንቁላሉ ነው። በውሃና በስኳር ብቻ አብስለው ለልጅ አይስጡ፤ ነጭና የሚያምር ስለሆነ ብቻ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚሠራውን ገንፎ አይተካም። ስኳር ያለበት ሰውም ከትንሽ ሳህን አይለፍ፤ ስታርቹ ራሱ ስኳር ይሆናል።

በጾም ወተትና እንቁላሉ ይቀራሉ። ታፒዮካውን በውሃ ብቻ እስኪጠራ አብስለው ካወጡት በኋላ ለፍትፍት እንደሚደረገው ተወቅጦ የተጠለለ ወፍራም የሱፍ ውሃና ስኳር ይጨምሩበት። በሁዳዴ የሞከርኩት እንዲህ ነው፤ እናቴ ያኔ ሰው ሠራሽ ጥርሷን ተክላ ስለነበር ቆሎ እየቆረጠመች አጠገቤ ተቀምጣ «ሱፉን አታቅጥኚው» ትለኝ ነበር።