ዓርብ ተቀጣሪ፣ ሰኞ ኩባንያ

«ለግብር ሰዎች ተቀጣሪ ነኝ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን እንግዳ።»

ይህን ያለኝ ለንደን ውስጥ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ለዓመታት ሠርቷል። «የማንጠለጥለው ባጅ ቀለሙ እንኳ ከሌሎቹ ይለያል። ብታመም ክፍያ የለም፣ ዕረፍት ብወጣ ክፍያ የለም። ግብር ላይ ሲደርስ ግን ከእነሱ አንዱ ነህ ይሉኛል።» ኬኩ እስኪቆረስ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

የነገሩ ሥር «አይ አር 35» የሚባለው ደንብ ነው። ስሙ የመጣው ጎርደን ብራውን የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ከወጣ ጋዜጣዊ መግለጫ ተራ ቁጥር ነው። የታለመው ዓርብ ሥራውን ለቅቆ ሰኞ በኩባንያ ስም እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ደመወዙን አሳንሶ ቀሪውን በትርፍ ድርሻ ሲወስድ የብሔራዊ መድን መዋጮ ይቀርለታል። እዚህ ላይ መንግሥት እውነት አለው። ደንቡ በኤፕሪል 2000 ሥራ ላይ ዋለ።

ታዲያ እውነተኛው ነጋዴና ስውሩ ተቀጣሪ በምን ይለያሉ? ሕጉ ቁርጥ ያለ መለኪያ የለውም። ዳኞች ዛሬም የሚያነሡት የ1968ቱን የኮንክሪት መኪና ሹፌር ፍርድ ነው፤ እኔም ከመዝገቡ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሹፌሩ የድርጅቱን የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ መኪናውን በድርጅቱ ቀለም ይቀባል፣ ለሌላ ሥራ ሊያሰማራው አይችልም። ግን መኪናውን በዱቤ የገዛው ራሱ ነው፤ ጥገናውን ይከፍላል፣ ምትክ ሹፌርም ማቆም ይችላል። ዳኛው ተቀጣሪ አይደለም ብለው ፈረዱ። የሰርጉ ጓደኛዬ እኮ የደንብ ልብስ እንኳ የለውም! ይህንኑ ለአንድ የግብር ሹም ባነሣላቸው «መመሪያውን ያንብቡ» ብለውኝ ስልኩን ዘጉ።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2017፣ ለትልልቅና መካከለኛ የግል ድርጅቶች ከ2021 ጀምሮ ሠራተኛው ነጋዴ ይሁን ተቀጣሪ የሚወስነው አሠሪው ሆኗል። ከተሳሳተ ዕዳው ወደ እሱ ሊዞር ስለሚችል፣ ብዙዎቹ ባለኩባንያ ሠራተኛ አንቀበልም አሉ። በ2022 የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ክዋሲ ክዋርቴንግ የ2017ቱንና የ2021ዱን ለውጥ እንሽራለን ቢሉም፣ ወር ሳይሞላ ተተኪያቸው ጄረሚ ሃንት ቃሉን አጠፉት።

ባለሙያው ኩባንያውን ዘግቷል። አሁን የሚሠራው «ጃንጥላ» በሚባለው አገናኝ ኩባንያ ሥር ሲሆን፣ የአሠሪው የመድን መዋጮ ጭምር የሚነሣው እሱ ከተዋዋለበት ዋጋ ላይ ነው።