በተማሪና በነጋዴ ፈለግ
በጥንታዊ የተራራ መንገዶች ላይ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ ዳሰሳ

ጉንድ በግእዝ ግንድ ነውና፥ የምሥራቅ ጎጃሟ ከተማ ስም ጉንደ ወይን የወይን ግንድ ማለት ነው። ዛሬ ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ ባለመኪና በዚህች ከተማ ሻይ ጠጥቶ፥ የጤፉን ማሳና የባሕር ዛፉን ጥግ በመስኮት አይቶ ይሄዳል፤ በገበያ ቀን ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው እግረኛ የሚመጣባቸው ቀጫጭን መንገዶች ወዴት እንደሚያደርሱና ከመቼ ጀምሮ እንደ ተረገጡ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በምሥራቅ ወደ መርጡለ ማርያም፥ በምዕራብ ወደ ጮቄ ተራራ፥ በሰሜን ወደ ዓባይ አፋፍ፥ በደቡብ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚያወጡት እነዚህ መንገዶች በሌላ አገር ቢሆኑ ኖሮ፥ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፥ መሪ ቀጥሮና ስንቁን በበቅሎ አስጭኖ ሳምንት ሙሉ የሚሄድባቸው፥ መጽሐፍም የተጻፈላቸው በሆኑ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ በእኛም አገር በአስጎብኚዎች ዘንድ «ትሬኪንግ» በመባል ታውቋል። ነገሩ በአጭሩ ሲነገር፥ መንገደኛው ለንግድ ወይም ለአምልኮ ግዴታ ሳይሆን ለዕረፍቱ ብሎ፥ የቀደሙ ሰዎች በረገጡት የተራራ መንገድ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት በእግሩ ሲሄድ፥ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይመራዋል፤ ጓዙን ሌላ ይሸከምለታል፤ ማታ የሚያድርበትም ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል። ይህን ሥራ እንደ ንግድ ያደራጀው የመጀመሪያው ሰው በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በኔፓል የጉዞ ድርጅት ያቋቋመው ጡረተኛው የእንግሊዝ መኮንን ጂሚ ሮበርትስ ነው ይባላል። ሰውየው ቀድሞ ለተራራ ወጪ ቡድኖች ይሰለፍ የነበረውን የድንኳን፥ የወጥ ቤትና የተሸካሚ ሥርዓት ወስዶ፥ ጫፍ ላይ ለመውጣት የማይመኝ ተራ እግረኛም እንዲጠቀምበት አደረገ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም የተስፋፋው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

ነገር ግን የዚህ ሥራ አካላት በአገራችን ስም የወጣላቸውና ወግ የተበጀላቸው ከጥንት ጀምሮ ነው። ወደ ቤተ መንግሥት የመጣ የውጭ እንግዳ ባልደረባ ይሰጠው ነበር፤ ባልደረባውም መንገድ መሪው፥ አስተርጓሚውና በባላገሩ ፊት ዋሱ ሆኖ ይሄዳል። በየሰፈሩ ደግሞ ድርጎ አለ፤ ይኸውም ለንጉሥ እንግዳ በጉን፥ እንጀራውን፥ ማሩንና ጠላውን ባላገሩ የሚያወጣው ነው፥ ወድዶም ይሁን ሳይወድ። ባልደረባና ድርጎ የሌለው ተራ መንገደኛም ጀንበር ስትጠልቅ ከአንድ ቅጥር በር ቆሞ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ባለቤቱም እግሩን አስጥቦ፥ መደቡን አንጥፎ ያሳድረዋል። እንግዲህ መሪ፥ ስንቅና ማደሪያ ሦስቱም ነበሩ። ያልነበረው የመንገደኛው ክፍያና «ለምን ትሄዳለህ?» ሲሉት «እንዲሁ ላይ ብዬ» የሚለው መልስ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ባላገሩን የሚያስገርመው ይኸው መልስ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፥ ባይገርመው ኖሮ እኔ እገረም ነበር።

በጽሑፍ ከተቀመጡት የጥንት ጉዞዎች ብዙዎቹ ዛሬ ለጎብኚ በሚሸጡት መንገዶች ላይ የተደረጉ ናቸው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቷል፤ ያ አቀበት ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነበረ። የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን ደግሞ ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ ተቀምጦ፥ ወንዙ በገደል ውስጥ ስለሚሄድና በዳሩ ማለፍ ስለማይቻል፥ በቅሎውን ጭኖ በአፋፉ ላይ እየዞረ የዓባይን አካሄድ በካርታ አስፍሯል። በ1966 መጨረሻ የመጣችው አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ከምጽዋ እስከ አዲስ አበባ፥ አብዛኛውን ከአንድ በቅሎ ጋር፥ ተጉዛ፥ ጉዞዋን በመጽሐፍ አውጥታለች።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አገሪቱን በእግሩ ያወቃት፥ ማንም ካርታ ያልሠራለት የቆሎ ተማሪ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ቦታ አይፈጸምምና፥ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ድጓ የሚያስመሰክር በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማር ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም የሚቀጽል ወደ ጎንደር፥ ቅዳሴ የሚያጠና ወደ ትግራይ ደብረ ዓባይ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ አንድ ሊቅ ሊቅ እስኪባል ድረስ ጎጃምን፥ በጌምድርን፥ ወሎንና ትግራይን በእግሩ ያካልላል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ዱላውን ለውሻ ይዞ፥ በየደጁ ስለ ማርያም ስም እየለመነ የሚሄደው ይህ ልጅ፥ ውኃው የት እንደሚጠጣ፥ የትኛው መንደር ለጋስ እንደ ሆነ፥ የትኛው ወንዝ በነሐሴ እንደማይሻገር ከቀዳሚዎቹ እየሰማ ያጠናል። አዲስ ገብ ወደ ጉባኤ ቤት ሲደርስ የሚጠየቀው ከየት እንደ መጣና ከማን ዘንድ እንደ ቀጸለ ነው፤ መልሱም የመምህራን ብቻ ሳይሆን የመንገድ ዝርዝር ነው። ምሥራቅ ጎጃም በዚህ መንገድ መረብ ላይ መተላለፊያ ብቻ አልነበረም፤ ዲማ፥ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ራሳቸው መድረሻዎች ነበሩ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የልቦለዳቸውን ባለ ታሪክ ከማንኩሳ አስነሥተው ወደ ዲማ ሲያመጡት፥ የእውነተኛውን ተማሪ ፈለግ ተከትለው ነው።

የነጋዴው መንገድ ሌላ ነው። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና፥ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባምና፥ ባሪያም ተቀብሎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚያሳልፍ ነበር፤ በምላሹም አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። በእነዚህ መንገዶች የሚሄድ ጎብኚ በሰንሰለት የተነዳ ሰው እንዳለፈባቸው ቢነገረው፥ መልክዓ ምድሩን የማየት ደስታው ይቀንስ ይሆናል፤ እውቀቱ ግን አይቀንስም።

አሁን ባለበት ሁኔታ በአገራችን በሥርዓት የተደራጀው የተራራ ጉዞ ከሁሉ በፊት የስሜን ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተከልሎ፥ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት ተመዝግቧል። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በመመናመናቸው በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፥ በ2017 ወጥቷል። ተጓዡ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፥ መሪና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዞ፥ በሳንቃ በር፥ በግጭና በጨነቅ እያደረ፥ ጭላዳው ሣር ሲነጭ እያየ ይሄዳል፤ ጉልበት ያለው ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ዳሸን ይቀጥላል። በዚያ ጉዞ ላይ ጧት ጧት የሚታይ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በቅሎ ጫኙ ሁለቱን ጭነት በእጁ መዝኖ ከዚህና ከዚያ ካመጣጠነ በኋላ፥ ጉልበቱን በበቅሎዋ ጎን ደግፎ መጫኛውን ሲያጠብቅ፥ በቅሎዋ ሆዷን ነፍታ ትጠብቀዋለች፤ እሱም ያውቅባታልና፥ ጥቂት እርምጃ ነድቷት ሆዷ ሲጎድል ዘወር ብሎ እንደ ገና ይስባል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ጓዙን ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ያገኘዋል።

ከስሜን የተለየ ሐሳብ የያዘው በላሊበላ ዙሪያ በመቄት ደጋ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ነው። በዚያ ተጓዡ በድንኳን አያድርም፤ የመንደሩ ሰዎች በአፋፍ ላይ በሠሯቸው ጎጆዎች፥ ለምሳሌ በመቋት ማርያም፥ ያድራል፤ ምግቡን የሚያበስሉለት፥ ጓዙን በአህያ የሚጭኑለት፥ ገቢውንም በማኅበር የሚያስተዳድሩት እነሱው ናቸው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የቀደመውን የእግዜር እንግዳ ወግ የሚመስለው፥ ባላገሩንም እንደ ድርጎው ዘመን ሳያስመርር የሚጠቅመው ይህ ዓይነት ይመስለኛል። የመንዝ ጓሳ ሕዝብም ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረውን የሣር መሬት ለእግረኛ ከፍቷል። በባሌ ከዲንሾ ተነሥቶ በሳነቴ በኩል ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ጉዞም የታወቀ ነው፤ ሆኖም በእሱ ላይ የሚታየው በይበልጥ ተፈጥሮ እንጂ ጥንታዊ መንገድ ስላልሆነ እዚህ አልዘገይበትም።

ወደ አገራችን ወደ ጎጃም ስንመለስ፥ ከሞጣ በስተሰሜን ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ኖሮ፥ በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላትን ጦር ለማገድ መካከሉ ፈረሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሰው መሻገር አልተወም። በተሰበረው ቅስት በዚህና በዚያ ጎልማሶች ቆመው ገመድ ይዘረጉ ነበር፤ መንገደኛው ገመዱን በወገቡ አስሮ፥ እየተንጠለጠለ፥ ከበታቹ ደፍራሹን ውኃ እያየ ይጎተት ነበር፤ ለገበያ የሚወሰደውም እህል እንደዚሁ። ይህን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በ2000 መጨረሻ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥቶ፥ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ አየውና፥ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ክፍተቱን በብረት አገናኘው። በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው፤ ስለዚህ በ2009 ከጎርፉ ከፍ ያለ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ድልድይ ሠርቷል፤ መነሻው ግን ይህ የሞጣ ቁልቁለት ነው። በዓለም ላይ ካሉ የእግረኛ መንገዶች መካከል እንዲህ ያለ ታሪክ በአንድ ቦታ የተከመረበት ምን ያህል እንደሚገኝ እንጃ! ሆኖም በየትኛውም የጉዞ ድርጅት መደበኛ ዝርዝር ውስጥ ስሙን አይቼ አላውቅም።

ይህ ቁልቁለት ብቻውን አይደለም። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል፥ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፥ ያቋቋሙት ሞጣ ጊዮርጊስ ከአናቱ አለ፤ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምም የእሳቸው ነው። በጉንደ ወይን ምሥራቅ በመርጡለ ማርያም፥ በ1522 ያረፉት ንግሥት እሌኒ ያሳነፁት የጥርብ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ይታያል፤ በትውፊት ደግሞ ስፍራው ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት አንዱ ነው። በምዕራብ ያለው ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ የሚነሣ፥ ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚመነጩበት፥ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ውርጭ ነው። ከጮቄ ራስ ተነሥቶ በሞጣ በኩል ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ እግረኛ በጥቂት ቀን ውስጥ ከቁር እስከ ቆላ ያለውን የአየር ጠባይ ሁሉ ያልፍበታል።

በስፔን የሳንቲያጎ መንገድ ላይ የሆነውን ማንሣት እዚህ ይጠቅማል። የቅዱስ ያዕቆብን መቃብር ለመሳለም በመካከለኛው ዘመን ብዙ ሺሕ ሰው ይሄድበት የነበረው ያ መንገድ ተረስቶ፥ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ጉዞውን መፈጸሙ የሚመሰከርለት ሰው 2 ሺሕ አይሞላም ነበር። ኤሊያስ ባሊኛ የሚባሉ የኦ ሴብሬሮ ተራራ መንደር ቄስ፥ በመንገዱ ታሪክ ላይ የጥናት ጽሑፍ የጻፉ ሊቅ፥ በ1984 ቢጫ ቀለም በመኪናቸው ጭነው በየመስቀለኛው መንገድ ላይ ቀስት ይሥሉ ጀመር። በ2023 ምስክር ወረቀቱን የተቀበለው ተጓዥ ከ4 መቶ ሺሕ በላይ ነው። መንገዱ በ1993 የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ የጃፓኑ የኩማኖ ተሳላሚዎች መንገድም በ2004 ተከትሎታል። መብዛቱ ደግሞ የራሱ መከራ አለው፤ የፔሩ መንግሥት በኢንካ መንገድ ላይ በቀን የሚገባው ሰው ተሸካሚው ጭምር ከ5 መቶ እንዳይበልጥ የወሰነው፥ ድንጋዩ በእግር ብዛት ስለተጎዳ ነው።

እኛ ገና ከዚያ መከራ ሩቅ ነን። በ2020 በሰሜን የተነሣው ጦርነትና በ2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ያስከተለው ግጭት የስሜኑንም የላሊበላውንም ጉዞ አቀዝቅዞታል፤ ከጎብኚ ይገኝ የነበረው እንጀራ ሲጎድል፥ ብዙው ሰው በእርሻው ብቻ መኖር ግድ ሆኖበታል። በጎጃምም ቢሆን በዚህ ጊዜ ማንንም ተነሥ ሂድ ማለት አልደፍርም። ነገር ግን ሰላም በሆነ ጊዜ ለመሪነት የሚሠለጥነው ወጣት፥ እንደ ስሜኑ የአራዊትና የዕፀዋት ስም ብቻ ተምሮ ቢመጣ፥ በዚህ አገር የሚያሳየው ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ ያለው በዲማና በመርጡለ ማርያም ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ፥ በእነዚያ ትንንሽ የተማሪ ጎጆዎች ውስጥ ነው፤ አሁንም ከማዶ የመጣ ልጅ ደበሎውን ጥሎ ሲቀመጥ፥ በየትኛው መልካ ተሻገርህ፥ የትኛው መንደር አሳደረህ እየተባለ የሚጠየቀው በዚያ ነው።